ሪያሉን ወርቅ ልግዛበት፣ ልመንዝረው ወይስ ይዤው ልግባ?

የአክስቴ ልጅ ከሪያድ ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ኢቃማዬ (የመኖሪያ ፈቃዴ) ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ ዘንድሮ መግባቴ ነው። እጄ ላይ 10,000 ሪያል አለ። ወርቅ ልግዛበት? በዶላር ልቀይረው? ወይስ እንዳለ ይዤው ልምጣ?» አለችኝ። እንጅባራም ሆነ ዳንግላ፣ ዓረብ አገር እህት ወይም ልጅ ያለው ሰው ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ገንዘቡ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀደም ብለን እንየው።

10,000 ሪያል በወር 1,000 ሪያል ለምታገኝ የቤት ሠራተኛ የአሥር ወር ላብ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት የሪያል ጠባይ ነው። የሳውዲ መንግሥት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን ዶላር በ3.75 ሪያል አስሮታል። ዶላር ሲወጣ ሪያልም ይወጣል፣ ሲወርድም አብሮ ይወርዳል። የኤምሬትስ ድርሃምም እንደዚሁ በ3.67 አካባቢ ታስሯል። እንግዲህ ሪያልን በዶላር መቀየር ገንዘቡን ከምንም አያድነውም፤ መንዛሪው የሚቆርጣት ትንሽ ነገር ብቻ ትጎድላለች። 10,000 ሪያል ዛሬም ነገም 2,666 ዶላር ገደማ ነው።

ሊባኖስ ለነበሩት ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የሊባኖስ ሊራ ለሃያ ዓመት ያህል በዶላር 1,507 ላይ ቆሞ ስለቆየ ሁሉም አመነው። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወደቀ። በ2015 አንድ ዶላር 90,000 ሊራ ገደማ ገባ። በወር 150 ዶላር የሚያክል ደመወዝ በሊራ ተቀብላ ፍራሽ ሥር ያስቀመጠች ልጅ፣ ያ ገንዘብ ሁለት ዶላር ተኩል ሆኖባታል። አሠሪዎቻቸው ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ የጣሏቸው እህቶቻችንም የዚያው ዘመን ተጎጂዎች ናቸው። ሊራን የመሰለ ገንዘብ በእጅ የሚያድር አይደለም፤ እንደተቀበሉት መቀየር ወይም መላክ ነበረበት።

ወደ ብር እንምጣ። በሰኔ 2016 አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ወደ 75 ብር ዘለለ፤ በታኅሣሥ 2017 ደግሞ 125 አካባቢ ደረሰ። የአክስቴን ልጅ 10,000 ሪያል በሁለቱ ወራት መንዝረን እናስበው። በሰኔ 152,000 ብር፣ በታኅሣሥ 333,000 ብር። ግማሽ ዓመት ብቻ ነው በመካከሉ ያለው። የብር መውረድ አዲስ ነገርም አይደለም፤ በ1985 ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ወደ 5 ብር ሄዷል፣ በጥቅምት 2010ም ብር በአንድ ቀን 15 በመቶ ዝቅ ተደርጓል።

ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሪያል በፍጹም አይመነዘርም» ይላል። እኔ እንደዚያ አላምንም። በሰኔ መንዝራ በ152,000 ብሩ ወዲያው ላሞች የገዛች ወይም የጀመረችውን ቤት ቆርቆሮ ያለበሰች ሴት አልከሰረችም፤ ላሙም ቆርቆሮውም ዋጋቸው ከዶላሩ ጋር ሽቅብ ወጥቷል። የከሰረችው መንዝራ ብሩን ባንክ ደብተር ላይ አስቀምጣ የጠበቀችው ናት። ከ2010 ጀምሮ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው፤ የገበያው ዋጋ በእነዚህ ዓመታት ከዚያ በላይ ሲሮጥ ኖሯል። ጉዳቱ ያለው ብር ሆኖ ሥራ ፈትቶ በሚቆም ገንዘብ ላይ ነው።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ መልሼ «ከገባሽ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። ለትራንስፖርት፣ ለእናት ሕክምና፣ ለተቆረጠ ሥራ የሚውለው ይመንዘር። ገና ያልታሰበበት በውጭ ገንዘብ ይቀመጥ። ውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን በባንኮች የዲያስፖራ ሒሳብ በዶላር፣ በፓውንድና በዩሮ መክፈት ከጀመሩ ብዙ ዓመት ሆኗቸዋል። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ አገር ውስጥ የሚኖር ሰውም ከውጭ በተላከለት ገንዘብ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲኖረው ተፈቅዷል። ይህ መንገድ የሚቀናው ገንዘቡ በባንክ ተልኮ፣ ደረሰኙ በእጅ ሲኖር ነው። ስለዚህ ሒሳቡን መጠየቅና ማስከፈት እዚያው ሳሉ ቢጀመር ይሻላል።

ባንክ ስትገቡ መስኮቱ አጠገብ ያለውን የዕለቱን ሰሌዳ አንብቡት። ሁለት ዓምድ አለው፤ መግዣና መሸጫ። እናንተን የሚመለከተው መግዣው ነው፣ ከሁለቱ ያነሰው። ምንዛሪው ከተለቀቀ ወዲህ ባንኮች በዋጋ ይለያያሉ፤ አንዱ ጋር ብቻ ጠይቆ ከመመንዘር ንግድ ባንክን፣ ዓባይን፣ አማራ ባንክን፣ አብቁተ ሲባል የምናውቀውን ጸደይንም መጠየቅ ነው። በአንድ ዶላር የሁለት ብር ልዩነት በ2,666 ዶላር ላይ ከ5,000 ብር በላይ ነው። ያረጀ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ኖት ባንኩ ሊመልሰው ይችላል፤ ጥሬ ሪያል የምትይዙ ከሆነ እዚያው ሳላችሁ ንጹሑን ምረጡ።

ጥቁር ገበያው ከባንኩ የበለጠ ዋጋ እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን። ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ ቢያታልሏችሁ የምትከራከሩበት ነገር የለም፤ ደረሰኝ የለም፣ መመለሻም የለም። ዳንግላ ውስጥ የማውቃት አንዲት ተመላሽ ሪያሏን መናኸሪያ አካባቢ ለአንድ ሰው ሰጥታ የተቀበለችውን እሽግ ቤቷ ስትፈታው፣ ከላይና ከታች ካለው ባለ 200 ብር በስተቀር መካከሉ የተቆረጠ ወረቀት ነበር። እናቷ ፊት ቁጭ ብላ ወረቀቱን አንድ በአንድ ስትገልጥ አይቻታለሁ። የት ትክሰስ?

ጥሬ ገንዘብ ይዞ መምጣት ሌላም አደጋ አለው። ከቦሌ እስከ እንጅባራ ዓባይን ተሻግሮ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው። በአማራ ክልል ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበት፣ ባንክም የማይከፍትበት ቀን አለ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ሳውዲ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ብዙዎቹ ያጠራቀሙትን ሳይሰበስቡ ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት። በየሦስት ወሩ በኢንጃዝ ወይም በሌላ ሕጋዊ መላኪያ ያስተላለፈ ሰው የሚጠፋበት ቢኖር የመጨረሻው ሦስት ወር ብቻ ነው። ጥሬ ገንዘብ ይዛችሁ ከመጣችሁም ጉምሩክ ላይ አስመዝግቡ፤ ያ ወረቀት ኋላ ባንክ ቤት ይጠየቃል።

ወርቁን በተመለከተ አክስቴ «ወርቅ አይከዳም» ትላለች፤ እውነት አላት። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ሜጀር ቺዝማን ዳንግላ ላይ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሲቀመጥ፣ ገበያው የሚያምነው የማሪያ ትሬዛን ጠገራ ነበር፤ ዋጋው በራሱ ብርነት ውስጥ ነበርና። ወርቅም እንደዚያ ነው። ነገር ግን ሳውዲ ለጌጥ ወርቅ ስትከፍሉ ከግራሙ ሌላ የእጅ ዋጋና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ 15 በመቶ የሆነ ግብር ትከፍላላችሁ። እዚህ ስትሸጡት ግን የሚመዘነው ግራሙና ካራቱ ነው፤ የእጅ ዋጋው ቀልጦ ይቀራል። ለሠርግ፣ ለእናት ጆሮ ቢገዛ ደስታ ነው። ለማስቀመጥ ከሆነ ጌጡ የቀለለ፣ ካራቱ የታወቀ፣ ፋቱራው (ደረሰኙ) አብሮ ያለ ይሁን። ብርድ ልብስ፣ ሁለተኛ ስልክና ትልቅ ቴሌቪዥን ግን ለእኔ ከቁጠባ አይቆጠሩም፤ ካርጎና ቀረጥ ተከፍሎባቸው ሲደርሱ ባሕር ዳርም ይገኛሉ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልቤን የሚያሳምመው ግን ምንዛሪው አይደለም። ብዙዎቹ ልጆች ገንዘቡን በየወሩ የሚልኩት በወንድም ወይም በአባት ስም ነው። ፋግታ ለኮማ ውስጥ በእህቱ ሪያል ደከረንስ የሚባለውን ዛፍ የተከለ ወንድም አውቃለሁ። በክፋት አልነበረም፤ በአምስት ዓመት ከሰል ሆኖ አዲስ አበባ ይሸጣል ብሎ ነው። የዝገት በሽታ ገባበት፤ ዛፉ ደረቀ። እህቱ ስትመለስ የሚያሳያት ደረሰኝም ደብተርም አልነበረውም፣ እርሻውም በእርሱ ስም ነው። ሁለቱ ዛሬም በአንድ ቤተ ክርስቲያን ይስማሉ፣ አይነጋገሩም። ሒሳቡ በራሷ ስም ቢሆንና ለእርሱ የተወሰነ ውክልና ብቻ ብትሰጠው ኖሮ፣ ቢያንስ ስትፈቅድ አውቃ ትፈቅድ ነበር።

የአክስቴ ልጅ በመጨረሻ ገንዘቧን ከፋፈለችው። 6,000 ሪያሉን በራሷ ስም ወደ ከፈተችው የዶላር ሒሳብ ላከች። 3,000ውን እንጅባራ እንደገባች ሰሌዳውን በሦስት ባንክ አይታ መነዘረችና ሁለት የወተት ላም ገዛች። የቀረው ለእናቷ የጆሮ ወርቅና ለመንገድ ሆነ። ባለፈው ሳምንት ስደውልላት «ጋሼ፣ አንዷ ጊደር ወለደች» አለችኝ፤ ስልኩን ወደ በረቱ አዙራ ጥጃዋን አሳየችኝ።