አስም ያለበትን ሕፃን በሆስፒታል በማከም ረገድ ወላጆች ስላላቸው ድርሻ የሚያስረዳ

አስም የሚባለው ደዌ በሳንባ የትንፋሽ መንገዶች ላይ የሚነሣ ሕማም ነው። እነዚህ ቀጫጭን ቧንቧዎች በጢስ፥ በአቧራ፥ በብርድ፥ በጉንፋን ወይም በብርቱ ሩጫ ምክንያት በተቈጡ ጊዜ ውስጣቸው ያብጣል፤ በዙሪያቸው ያለው ጡንቻ ይኰማተራል፤ ወፍራም አክታም ይመላባቸዋል። ሕፃኑ አየሩን ከማስገባት ይልቅ ማውጣቱ ይቸግረዋልና፥ ሲተነፍስ ደረቱ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ይሰጣል። ደዌው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ስለዚህ አስም ያለበትን ተማሪ ከጓደኞቹ ለይቶ ማስቀመጥ አይገባም። ሳል የጸናበትን ልጅ እንጥሉን ማስቈረጥም በአንዳንድ ስፍራ ልማድ ነው፤ ነገር ግን ሕማሙ ያለው ከጉሮሮ በታች በሳንባ ውስጥ ስለ ሆነ፥ ይህ ነገር ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለቍስል ከማጋለጥ በቀር ለአስም የሚሰጠው ጥቅም የለም።

በአገራችን በሽተኛ ያለ አስታማሚ ወደ ሆስፒታል አይሄድም። አስታማሚው ምግብ ያቀርባል፥ መድኃኒት ገዝቶ ያመጣል፥ ሌሊቱንም ከአልጋው አጠገብ ያድራል። የሚያሳዝነው ግን እንዲህ የሚደክመው ሰው ሐኪሙ በሚመረምርበት ሰዓት ብዙ ጊዜ ከክፍሉ እንዲወጣ መታዘዙ ነው። ተላላኪ ሆኖ ይቀራል እንጂ ምክር አይጠየቅም።

በእንግሊዝ አገር ነገሩ ከዚህም የጠነከረ ነበር። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በብዙ ሆስፒታሎች ወላጅ የታመመ ልጁን የሚያየው በተወሰነ ቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነበር፤ ወላጆች ተላላፊ በሽታ ያመጣሉ፥ ሕፃኑም እናቱን አይቶ ያለቅሳል የሚል ምክንያት ይሰጥ ነበር። ጄምስ ስፔንስ የተባለው ሐኪም ግን ከ1920ዎቹ ዓመታት ጀምሮ (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር) በኒውካስል ከተማ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር ገብተው እንዲያስታምሙ አደረገ። በ1952 ጄምስ ሮበርትሰን አንዲት የ2 ዓመት ልጅ ያለ እናቷ በሆስፒታል ስትቈይ የደረሰባትን ኀዘን በፊልም አሳየ፤ በ1959ም የፕላት ኮሚቴ ወላጆች ያለ ገደብ ልጆቻቸውን እንዲጠይቁ፥ የሕፃናትም እናቶች አብረው እንዲያድሩ አሳሰበ። እነርሱ በብዙ ክርክር ያገኙትን እኛ በልማድ አለን፤ የጐደለን ልማዱን ለሕክምናው ማዋል ነው።

የአስም ሕፃን ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሐኪሙ የሚያየው የዚያን ሰዓት ሕማም ብቻ ነው። ልጁ በሌሊት ስንት ጊዜ ከእንቅልፉ እንደሚነሣ፥ ከሳምንት በፊት ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ፥ ምድጃው ከመኝታው አጠገብ እንደ ሆነ የምታውቀው እናቱ ናት። ደግሞም የሚፈራና የሚያለቅስ ሕፃን መድኃኒቱን በደኅና አይስብም፤ በእናቱ ጭን ላይ የተቀመጠ ግን ይረጋጋል።

ከዚህ የሚበልጠው ሕፃኑ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያለው ነገር ነው። በመንደር ሰው ፓፍ የሚለው የሚሳብ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ነው፤ አንደኛው እንደ ሳልቡታሞል ያለው የተኰማተረውን ጡንቻ በጥቂት ደቂቃ የሚያላላ፥ ሁለተኛው እብጠቱን ቀስ በቀስ የሚቀንስና በየዕለቱ የሚወሰድ ነው። ወላጆች ይህን ልዩነት ሳይማሩ ከሆስፒታል ከወጡ፥ ልጁ ሲሻለው የየዕለቱን ያስቀሩታል፤ ሱስ ይሆንበታል ብለው የሚፈሩም አሉ፤ መድኃኒቱ ግን ሱስ አያስይዝም። ልጁም ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታፍኖ ይመለሳል።

ስለ አወሳሰዱም ወላጅ በነርሷ ፊት በገዛ እጁ አድርጎ ማሳየት አለበት። መድኃኒቱ በቀጥታ ወደ አፍ ሲረጭ አብዛኛው በጉሮሮ ላይ ይቀራል፤ ስለዚህ በመካከል አየር መያዣ ያስፈልጋል። ይህም በፋብሪካ የተሠራ ካልተገኘ፥ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ሄዘር ዛር የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ በ1999 እንዳሳተሙት፥ ሰው ሃይላንድ የሚለው የግማሽ ሊትር ባዶ የውሃ ላስቲክ ቂጡ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ዙሪያው ሲታሸግ ከፋብሪካው ጋር የሚመጣጠን ሆኖ ተገኝቷል። ፓፉ ይነቀነቃል፤ አንድ ጊዜ ይረጫል፤ ሕፃኑም የጠርሙሱን አፍ በከንፈሩ ገጥሞ አምስት ጊዜ ያህል ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከዚያ በኋላ ሁለተኛው ይረጫል። በአፉ መግጠም ለማይችል ትንሽ ሕፃን ግን ጭምብል ያለው ያስፈልጋል።

የጭንቅ ምልክቶቹም እነዚህ ናቸው፤ የጐድን አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ ሲሰረጐድ፥ ልጁ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ሲያቅተው፥ ከንፈሩ ሲጠቍር፥ ወይም ሲፈዝ። ብዙዎችን የሚያታልለው ግን የፉጨቱ መጥፋት ነው። ልጁ እየደከመ ፉጨቱ ጸጥ ካለ፥ አየሩ ጨርሶ መተላለፍ አቅቶታል ማለት ነውና፥ ተሻለው ተብሎ ሊተኛ አይገባም፤ ፓፉ በመንገድ እየተሰጠው ያን ጊዜውን ወደ ሐኪም ይወሰድ።

ሐኪሙ ይህን ሁሉ፥ የመድኃኒቶቹን ስምና መጠን ጨምሮ፥ በአማርኛ በአንድ ወረቀት ጽፎ ለወላጆች እንዲሰጥ ሊጠየቅ ይገባል። ማንበብ ለማይችሉት መምህሩ ወይም ፊደል የቈጠሩ ሽማግሌ ደጋግመው ያንብቡላቸው፤ ግልባጩም በትምህርት ቤቱ ይቀመጥ። ፓፉም ልጁ በቀላሉ በሚያገኘው ስፍራ ይሁን እንጂ በተቈለፈ ሣጥን አይቀመጥ።