የዲስክን ድንበር ማዛወር፦ ሎጂካል ቮልዩም በሊኑክስ ሥርዓት

ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ፓርቲሽን በሚባሉ ክፍልፋዮች ይሸነሸናል። ሆኖም ሸንሻኙ ባለሙያ የነገውን ፍላጎት አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በ1999 ዓ.ም. እንደተቋቋመው እንደ ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ አዳዲስ ተማሪዎችን የሚቀበል አንድ ተቋም እናስብ። ከ500 ጊጋባይት ዲስክ ውስጥ 50ው ለሥርዓቱ፣ 100ው ለተማሪዎች ውጤት፣ 350ው ለቤተ መጻሕፍት ተመድቧል እንበል። የውጤቱ ክፍል ሲሞላ የቤተ መጻሕፍቱ ክፍል ገና ግማሹ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ ሬጅስትራሩ ግን አንዲት ውጤት እንኳ መመዝገብ ይሳነዋል።

የወላይታ አንባቢ ነገሩን ከመሬት ጋር ቢያነጻጽረው ይቀለዋል። ሕዝብ በተጠጋጋበት በዚህ ዞን ማሳን ወደ ጎን ማስፋት አስቸጋሪ ነው፤ ከድንበሩ ማዶ ያለው የጎረቤት ነውና። ተጨማሪ መሬት ቢገኝ እንኳ እንሰት ከተተከለበት ጓሮ ርቆ ነው። ፓርቲሽንም የሚያድገው አጠገቡ ባዶ ስፍራ ሲኖር ብቻ ነው። ሎጂካል ቮልዩም ማኔጀር በአንጻሩ ተራርቀው ያሉትን ማሳዎች በአንድ መዝገብ እንደ አንድ ይዞታ ይቆጥራል።

ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1998 ለሊኑክስ የጻፈው ሃይንዝ ማውልስሃገን ነው። አሠራሩ ሦስት እርከን አለው። ዲስኮቹ ፊዚካል ቮልዩም ይባላሉ፤ እነርሱ ተዋሕደው ቮልዩም ግሩፕ የተባለውን የጋራ ቋት ይፈጥራሉ፤ ከቋቱም ሎጂካል ቮልዩም ተቆርጦ ይወጣል። ቋቱ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ 4 ሜጋባይት በሆኑ እኩል ቁራሾች ነው። ስለዚህ የ100 ጊጋባይት ቮልዩም 25,600 ቁራሾች አሉት፤ ቁራሾቹ በየትኛውም ዲስክ ላይ ቢበተኑ ተጠቃሚው አንድ ወጥ ስፍራ ብቻ ያያል።

ማስፋት ቀላል ነው። አዲስ ዲስክ ወደ ቋቱ ይጨመራል፤ ቮልዩሙ ይሰፋል፤ ከዚያም በላዩ ያለው ፋይል ሲስተም እንዲያድግ ይታዘዛል። ኤክስት ፎር የተባለው ፋይል ሲስተም ሬጅስትራሩ ሥራውን ሳያቋርጥ ማደግ ይችላል።

አደጋው ያለው በማጥበብ ላይ ነው። እዚህ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፦ ፋይል ሲስተሙ ከአገልግሎት ይወጣል፣ ይፈተሻል፣ ይጠብባል፤ ቮልዩሙ የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ቮልዩሙን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው የፋይል ሲስተሙን ጅራት፣ ምናልባትም የአንድን ዓመት ውጤት በሙሉ፣ አብሮ ይቆርጣል። ጠንቃቆቹ ባለሙያዎች ፋይል ሲስተሙን ከሚፈለገው መጠን ጥቂት አሳንሰው፣ ቮልዩሙን ከቆረጡ በኋላ መልሰው እስከ ጠርዙ ያሳድጉታል። ኤክስኤፍኤስ የተባለው ፋይል ሲስተም ግን በተግባር የሚሰፋ እንጂ የሚጠብብ ስላልሆነ ምርጫው ከመጀመሪያው ሊታሰብበት ይገባል።

የመብራት ነገርም አለ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ጊቤ 3 በወላይታና በዳውሮ መካከል ቆሞ 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይኑረው እንጂ፣ መብራት አይጠፋም ብሎ ያለ ባትሪ ፋይል ሲስተም የሚያጠብብ ባለሙያ ደፋር ነው። ሥራው መሐል ላይ ቢቋረጥ ፋይል ሲስተሙ ሊበላሽ ይችላል። በአንጻሩ ቁራሾችን ካረጀ ዲስክ ወደ አዲስ የሚያጓጉዘው ፒቪሙቭ የተባለ ትእዛዝ የደረሰበትን እየመዘገበ ስለሚሄድ፣ መብራት ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል።

አንድ ቮልዩም በሁለት ዲስኮች ላይ ሲዘረጋ ግን ሌላ ዕዳ ይመጣል፦ መንትያ ቅጂ ካልተዘጋጀለት የአንዱ ዲስክ መሞት ቮልዩሙን በሙሉ ከጥቅም ውጪ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ድንበር ከመነካቱ በፊት የውጤቱ መዝገብ ከሰርቨሩ ውጪ ባለ ሌላ ዲስክ ላይ ይገለበጣል፤ ቅጂውም ተከፍቶ መነበቡ ይረጋገጣል።