ማርሚታው ወጥቶ ቀጥታ ቱቦ ሲገባ

ማርሚታን (የመኪናን ድምፅ ማፈኛ) ቆርጦ በቦታው ቀጥ ያለ ቱቦ መበየድ ለአንድ ጎበዝ በያጅ ከባድ ሥራ አይደለም። የሚያስቀይሩት አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ሁለት ነው፦ ድምፁ ያምራል፣ መኪናውም ኃይል ይጨምራል። ስለ ድምፁ ክርክር የለኝም፤ የጆሮ ምርጫ ነው። የኃይሉ ጉዳይ ግን መመርመር አለበት።

ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ ተቃጥሎ የጭስ ማስወጫው ባልቦላ ሲከፈት፣ የታመቀው ጋዝ ከውጭው አየር የበዛ ግፊት እንደያዘ በድንገት ይወረወራል። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3000 ዙር ሲዞር እንዲህ ያለው ምት በሰከንድ 100 ጊዜ ይወጣል። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማርሚታ ከውጭ ሲያዩት ተራ የላሜራ ጣሳ ይመስላል። ውስጡ ግን በግድግዳ የተከፋፈሉ ክፍሎችና የተበሳሱ ቱቦዎች አሉት። የድምፁ ሞገድ ግድግዳውን መትቶ ይመለስና ከኋላው ከሚመጣው ጋር ይገናኛል፤ የአንዱ ከፍታ በሌላው ዝቅታ ላይ ሲያርፍ ይጠፋፋሉ። ክፍሎቹ የሚለኩት ያ ሞተር አብዝቶ የሚያወጣውን ድምፅ እንዲያጠፉ ተደርጎ ነው። አንድም የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሳይኖረው ድምፅን በድምፅ የሚያጠፋ መሣሪያ ነውና ከመኪና ክፍሎች ሁሉ እጅግ የማደንቀው እሱን ነው። አሜሪካውያኑ ወንድማማቾች ሚልተንና ማርሻል ሪቭስ ለሞተር ድምፅ ማፈኛ የባለቤትነት መብት ያገኙት ገና በ1897 እ.ኤ.አ. ነበር።

ቀጥታ ቱቦ የሚባለው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ባዶ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ዙሪያውን የተበሳሳ ቀጥ ያለ ቱቦ በመስታወት ጭረት ተጠቅልሎ ጣሳ ውስጥ የሚገባበት ነው፤ ጋዙ ሳይጠማዘዝ ያልፋል፣ ጭረቱም ቀጭኑን ድምፅ ይመጠዋል። ወፍራሙ ጉምጉምታ ግን አብዛኛው ይቀራል።

ወደ ኃይሉ ስንመለስ፣ ጋዙ በማርሚታው ሲጠማዘዝ ሞተሩ እሱን ለመግፋት ጥቂት ጉልበት ማውጣቱ እውነት ነው። ሞተሩ ያለማቋረጥ በከፍተኛ ዙር ለሚሠራበት የውድድር መኪና መንገዱን መክፈት ያዋጣል። ከተማ ውስጥ የሚመላለስ የቤት መኪና ግን የሚያስወጣው ጋዝ ትንሽ ስለሆነ፣ ልዩነቱ ለነጂው የሚታወቅ አይደለም። ድምፁ ሲጎላ ፍጥነቱም የጨመረ ይመስላል። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ሞተር የሚደክምበት ምክንያት ሌላ ነው፤ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚቸገረው በሚስበው አየር ነው፤ የጭስ መውጫውን ማስፋት የጎደለውን አየር አይመልስለትም።

ጩኸቱን የሚሸከመው ነጂው ብቻ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባላሳሰበኝ። ድምፅ በ10 ዴሲቤል ሲጨምር ኃይሉ 10 እጥፍ ይሆናል፤ ለጆሮም እጥፍ ያህል ይጎላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ የተራ የቤት መኪና የድምፅ ጣሪያ በደረጃ ወደ 68 ዴሲቤል እንዲወርድ ያደረገው ጩኸት የሰው ጤና ስለሚነካ ነው። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ያልፋል። ሌሊት በሰፈር መሐል የሚያልፍ አንድ መኪና ሕፃኑንም በሽተኛውንም ይቀሰቅሳል፤ ይህን የማድረግ መብት ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም።

መቀየር ግድ ከሆነ ባለ መስታወት ጭረቱን መምረጥ ይሻላል፤ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩንም አብሮ አለማስቆረጥ። መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚለውጡት በውስጡ ያሉት ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ናቸው። ብየዳውም ጭስ የሚያሾልክ ቀዳዳ ሊኖረው አይገባም፤ የቱቦውም ጫፍ ከመኪናው ሆድ ሥር ሳያልቅ እስከ ኋላ መድረስ አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም ስለሌለው፣ ከወለሉ ሾልኮ ቢገባ ውስጥ የተቀመጡት ሳያውቁት ራሳቸውን ይስታሉ።