ለታዳጊዎች የተከለከለው የቆዳ ማጠየሚያ መብራት ስለ እኛው ፀሐይ ምን ይነግረናል?

በበርካታ የአውሮፓ ሀገራት፣ በአሜሪካ ግዛቶች እና በአውስትራሊያ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የኾኑ ታዳጊዎች የቆዳ ማጠየሚያ አልጋ እንዳይጠቀሙ የሚከለክሉ ሕጎች ወጥተዋል። ነገሩ ለብዙዎቻችን እንግዳ ነው። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይለየው ሰው ቆዳውን ለማጥቆር ገንዘብ ከፍሎ መብራት ሥር ይተኛል ብሎ ማሰብ ያዳግታል። ይሁን እንጂ ሕጎቹ የወጡበት ምክንያት በማሳ እና በግጦሽ መስክ የሚውሉ ልጆቻችንንም የሚመለከት ነው።

መሣሪያው ምንድን ነው?

የቆዳ ማጠየሚያ አልጋ ከላይ እና ከታች ረጃጅም አምፖሎች የተደረደሩበት፣ ሰው በመካከሉ የሚተኛበት መሣሪያ ነው። አምፖሎቹ አልትራቫዮሌት የተባለውን በዐይን የማይታይ ጨረር ያመነጫሉ። ይህ ጨረር ከፀሐይ የምናገኘው ነው፤ ልዩነቱ መሣሪያው ከቀትር ፀሐይ የበለጠ ኃይል ያለው ጨረር በአጭር ጊዜ ሊለቅ መቻሉ ነው። ክረምታቸው ረጅም በኾነባቸው ሀገራት ጠይም መልክ የጤንነት እና የዕረፍት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ መሣሪያው በውበት ሳሎኖች እና በስፖርት ማዘውተሪያዎች በስፋት ተሰራጭቷል።

ቆዳ የሚጠይመው ግን ስለተመቸው አይደለም። ጨረሩ ወደ ሕዋሳት ዘልቆ ዲኤንኤ የተባለውን የዘር መልዕክት ሲጎዳ ሰውነት ራሱን ለመከላከል ሜላኒን የተባለውን ጥቁር ቀለም አብዝቶ ያመርታል። ጠይምነቱ የጉዳቱ ምልክት ነው ማለት ነው። ሰውነት አብዛኛውን ጉዳት ይጠግናል፤ ያልተጠገነው ግን ለዓመታት እየተጠራቀመ ወደ ቆዳ ካንሰር ሊያመራ ይችላል።

በዓለም ጤና ድርጅት ሥር የሚገኘው ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 መሣሪያዎቹን ካንሰር አምጪነታቸው በተረጋገጠ ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቷቸዋል። ትምባሆ እና አስቤስቶስም የሚገኙት በዚሁ ምድብ ነው።

ዕድሜ ለምን መለኪያ ኾነ?

በቡቃያነቱ የተጎዳ ሰብል ጉድለቱ ጎልቶ የሚታየው አውድማ ላይ ነው። የቆዳ ጉዳይም ተመሳሳይ ነው። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ዕድሜያቸው 35 ሳይሞላ መሣሪያውን መጠቀም የጀመሩ ሰዎች ሜላኖማ በተባለው አደገኛ የቆዳ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ካልተጠቀሙት ሰዎች ከግማሽ በላይ ይጨምራል። የ16 ዓመት ታዳጊ ዛሬ የሚያየው መልኩን ብቻ ነው፤ ዕዳው የሚመጣው ከ10 ወይም ከ20 ዓመት በኋላ ነው።

አውስትራሊያዊቷ ክሌር ኦሊቨር መሣሪያውን በወጣትነቷ ተጠቅማ ነበር። በሜላኖማ ታምማ በ2007 በ26 ዓመቷ ሕይወቷ ያለፈ ሲኾን ከመሞቷ በፊት ሌሎች ወጣቶች ከእርሷ እንዲማሩ በአደባባይ ተናግራለች። ንግግሯ በሀገሪቱ ጥብቅ ሕግ እንዲወጣ ግፊት ፈጥሯል።

ሀገራት የመረጡት መንገድ

የሀገራቱ ርምጃ አንድ ዓይነት አይደለም። ብራዚል በ2009 መሣሪያውን ለውበት አገልግሎት መጠቀምን ለአዋቂም ለታዳጊም ሙሉ በሙሉ ከለከለች። የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶችም በመጀመሪያ የዕድሜ ገደብ ካወጡ በኋላ አብዛኞቹ ከ2015 መግቢያ ጀምሮ የንግድ አገልግሎቱን ዘግተዋል።

በእንግሊዝ እና በዌልስ ከሚያዝያ 2011 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ኃላፊነቱን የጣለው በነጋዴው ላይ ነው። ታዳጊው መሣሪያውን እንዳይጠቀም ብቻ ሳይኾን አገልግሎቱ ወደሚሰጥበት ክፍል እንዳይገባም ነጋዴው መከላከል አለበት። ሕጉ ሲወጣ ለጥሰት የተቀመጠው ቅጣት እስከ 20 ሺህ ፓውንድ ይደርስ ነበር። ልጁም ኾነ ወላጁ በዚህ ሕግ አይቀጡም።

የአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ተሞክሮ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ግዛቷ ቀደም ሲል ከ14 ዓመት በላይ የኾኑ ታዳጊዎች በወላጅ ፈቃድ እንዲጠቀሙ ትፈቅድ ነበር። ከጥር 2012 ጀምሮ ግን ወላጅ ቢፈቅድም ባይፈቅድም ከ18 ዓመት በታች ላሉት ሁሉ ከልክላለች። የወላጅ ፊርማ የጨረሩን ጉዳት አይቀንሰውምና።

ሕጎቹን የሚቃወሙ ወገኖች መሣሪያው ሰውነት ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ ይረዳል፣ መልክም የግል ምርጫ ነው ይላሉ። የጤና ባለሙያዎች ምላሽ ቫይታሚኑ ከምግብ እና አስፈላጊ ሲኾን ከመድኃኒት ሊገኝ ይችላል የሚል ነው። ምርጫን በተመለከተም በሀገራችን የተለመደ ምሳሌ አለ። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለኾነ ሰው ትምባሆ መሸጥ የተከለከለ ነው። መርሑ አንድ ነው፤ የነገ ጉዳቱን መመዘን የማይችል ወጣት የዛሬ ገበያ ሊኾን አይገባም።

የእኛ ፀሐይ እና የእኛ ልጆች

መሣሪያውን በሕግ መዝጋት ይቻላል፤ ፀሐይን ግን መዝጋት አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከባሕር ወለል በላይ በየ1 ሺህ ሜትሩ ከፍታ የአልትራቫዮሌት ጨረር መጠን በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ2 ሺህ 700 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት ደብረ ብርሃን እና በመሰል ደጋማ አካባቢዎች ቅዝቃዜው የጨረሩን ብርታት ያዘናጋል። ስስ ደመናም ቢኾን አብዛኛውን ጨረር ያሳልፋል።

ጥቁር ቆዳ ብዙ ሜላኒን ስላለው ከነጭ ቆዳ የተሻለ ጋሻ ነው። ዐይን ግን ይህ ጋሻ የለውም፤ ለረጅም ዓመታት ጨረር ያገኘው ዐይን ለሞራ ግርዶሽ ይበልጥ ይጋለጣል።

ከሁሉም በላይ ሊታሰብላቸው የሚገቡት አልቢኒዝም ያለባቸው ልጆች ናቸው። አልቢኒዝም ከእናት እና ከአባት በዘር የሚተላለፍ፣ ሰውነት ሜላኒን በበቂ መጠን እንዳያመርት የሚያደርግ ተፈጥሯዊ ሁኔታ ነው። ወላጆቹ ራሳቸው ምልክቱ ላይታይባቸው ይችላል። ርግማን አይደለም፤ በንክኪም አይተላለፍም። እነዚህ ልጆች ያለ መከላከያ በእረኝነት ወይም በአረም ከዋሉ ቆዳቸው ይቃጠላል፤ ገና በወጣትነታቸውም ለቆዳ ካንሰር ሊዳረጉ ይችላሉ።

መከላከያው ከቤት ይጀምራል። ጨረሩ ከሚበረታበት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ውስጥ እንዲቆዩ ማድረግ፣ ክንድ እና እግርን የሚሸፍን ልብስ ማልበስ፣ ፊትን፣ ጆሮን እና ማጅራትን የሚከልል ሰፊ ባርኔጣ መስጠት በየትኛውም ቤተሰብ አቅም የሚቻል ነው። የፀሐይ መከላከያ ቅባት የሚገኝ ከኾነ ተጨማሪ ጥበቃ ይሰጣል። የቤት ሥራ ሲከፋፈልም ለእነርሱ የማለዳ እና የአመሻሽ ሥራ ወይም የቤት ውስጥ ሥራ ቢሰጥ መልካም ነው። መምህራን ደግሞ የማየት ችግር ስለሚኖርባቸው ከፊት ለፊት፣ ፀሐይ ከማያርፍበት ወገን እንዲቀመጡ ሊያደርጉ ይገባል። የማይድን ቁስል ወይም መጠኑን እና መልኩን የሚቀያይር ምልክት በቆዳ ላይ ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በሩቅ ሀገር የወጣው ሕግ ታዳጊውን ብቻውን እንዲጠነቀቅ አልተወውም፤ ነጋዴውን እና ተቆጣጣሪውን ተጠያቂ አድርጓል። በእኛ ገጠር የአምፖሉ ነጋዴ የለም፤ ልጁን ወደ መስክ የሚያሰማራው ወላጅ፣ በቀትር ሜዳ ላይ የሚያሰልፈው ትምህርት ቤት እና ቤት ለቤት የሚዞረው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ግን አሉ። ልጁ ነገ የሚከፍለውን ዕዳ ዛሬ መቀነስ የሚችሉትም እነርሱ ናቸው።