ሆስፒታል ሲሠራ ነርሷንም የሚጠይቅ ይኑር

ሕንፃ ሰው ሊገድል ይችላል? ተደርምሶ ማለቴ አይደለም። ሪባኑ ተቆርጦ፣ ቀለሙ ገና ሳይላጥ፣ ቀጥ ብሎ እንደቆመ ማለቴ ነው። አዎ፣ ይችላል። ያውም ሊፈወሱ የገቡትን ሰዎች።

እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በደቡብ አፍሪካ፣ ክዋዙሉ ናታል ውስጥ ቱገላ ፌሪ በምትባል የገጠር ከተማ፣ አብዛኛውን መድኃኒት የተላመደ ቲቢ 53 ሰዎች ላይ ተገኘ። 52ቱ ሞቱ። ግማሽ የሚሆኑት አክታቸው ለምርመራ ከተወሰደ በኋላ የቆዩት 16 ቀን ገደማ ብቻ ነበር።

ተመራማሪዎቹ የበሽተኞቹን ታሪክ ሲያገላብጡ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በፊት የቲቢ ሕክምና ወስደው አያውቁም። ስለዚህ «መድኃኒት ጀምረው አቋርጠው ነው» የሚለው የተለመደ ምክንያት ለእነሱ አይሠራም። ከሦስቱ ሁለቱ ግን በቅርቡ ሆስፒታል ተኝተው የወጡ ነበሩ። በሽታው እዚያው ሆስፒታል ውስጥ፣ ከአልጋ ወደ አልጋ በአየር እንደተዛመተ የሚያመለክት ነገር ነው።

ቲቢ በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው። አየር የማይዘዋወርበት ክፍል ውስጥ አንድ የሚያስል ሰው አለ ማለት የቀሩትም አደጋ ላይ ናቸው ማለት ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ከሚላቸው 30 አገሮች አንዷ ናት። የኛን ኮሪደሮች አስቡት እስኪ። ጠባብ፣ ጨለም ያለ፣ ግራና ቀኝ አግዳሚ ወንበር። ሕፃን ያቀፈች እናት ከሚያስል አዛውንት ጋር ትከሻ ለትከሻ ገጥማ ተራዋን ትጠብቃለች። መስኮቱ «ብርድ ይገባል» ተብሎ ተዘግቷል።

ይህን ስጽፍ ሐኪሞቹን ለመውቀስ አይደለም። ጥያቄዬ ሌላ ነው፦ ያ ኮሪደር ፕላን ላይ ሲሳል፣ እዚያ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የምትውለውን ነርስ ማን ጠየቃት?

ጥያቄው የዋህ ከመሰላችሁ ሩቅ ሳንሄድ ሩዋንዳን እንይ። እ.ኤ.አ. በ2006 ማይክል መርፊ የሚባል የሃርቫርድ የአርክቴክቸር ተማሪ የዶክተር ፖል ፋርመርን ንግግር ሊሰማ ሄደ። ፋርመር ‹ፓርትነርስ ኢን ሄልዝ› የተባለው ድርጅት መሥራች ናቸው፤ በድሃ አገሮች ክሊኒክ ሲያሠሩ ነው የኖሩት። ተማሪው ከየትኞቹ አርክቴክቶች ጋር እንደሚሠሩ ጠየቃቸው። መልሱ አስደነገጠው፤ ለካ አብሯቸው የሚሠራ አርክቴክት የለም። መርፊና ጓደኞቹ ወደ ሩዋንዳ ሄዱ፤ እሱም ከአንድ ዓመት በላይ እዚያው ኖረ።

ሥራው ቡታሮ የሚባል ቦታ ላይ ሆስፒታል መገንባት ነበር። ቡታሮ በሰሜን ሩዋንዳ፣ ቡሬራ ወረዳ ያለ ኮረብታ ነው። ወረዳው ከ300 ሺህ በላይ ሕዝብ ይዞ የራሱ ሆስፒታል አልነበረውም። የሩዋንዳ ጤና ሚኒስቴር፣ የፋርመር ድርጅት፣ ወጣቶቹ አርክቴክቶች፣ ሐኪሞቹና ነርሶቹ አብረው መከሩ። የቱገላ ፌሪ ነገር እዚያ እንዳይደገም ምን ይደረግ?

መልሱ በየክፍሉ ይታያል። ጠባብ የውስጥ ኮሪደር ቀረ፤ ሰው የሚተላለፈውም ተራ የሚጠብቀውም ውጭ፣ በረንዳ ላይ ሆነ። መስኮቶቹ ከላይም ከታችም አየር እንዲያሳልፉ ተደረጉ። ጣሪያው ላይ ቀስ ብሎ የሚዞር ትልቅ ማራገቢያና ጀርም የሚገድል የአልትራቫዮሌት መብራት ተሰቀለ። አልጋዎቹ መሃል ላይ ካለ አጭር ግድግዳ ጀርባ ለጀርባ ስለተደረጉ በሽተኛው ፊቱን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ተራራው አድርጎ ይተኛል። በቃ። ብዙዎቹ መፍትሔዎች የሮኬት ሳይንስ አይደሉም፤ መጀመሪያ ላይ መታሰብ ብቻ ነው የሚፈልጉት።

ግንባታው ላይ የሆነው ደግሞ ለኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። ኮረብታው መደልደል ነበረበት። አካባቢውን የሚያውቀው የግንባታው ኃላፊ ብሩስ ኒዜዬ «ዶዘር ለምን? ሰው አለ አይደል?» የሚል ሐሳብ አመጣ። ኡቡዴሄ ይሉታል፤ እኛ ደቦ የምንለው ነገር ነው። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አካፋና መቆፈሪያ ይዘው ወጡ። መርፊ እ.ኤ.አ. በ2016 ቴድ ላይ ባደረገው ንግግር እንደተናገረው ሥራው ዶዘሩ ከሚፈጀው ጊዜም ገንዘብም በግማሽ አለቀ። ንግግሩ ዩቲዩብ ላይ ስላለ ዳታ ስትገዙ ፈልጉት።

ድንጋዩስ? የአካባቢው ገበሬ ከማሳው እየለቀመ የሚጥለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነበር። የሰፈሩ ግንበኞች፣ ሴቶችም ጭምር፣ እየጠረቡ እየገጠሙ ድንቅ ግድግዳ አወጡበት። ሙያውን እዚያው የተማሩ ሰዎች ከዚያ ወዲህ እንጀራቸው ሆነ።

ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በጥር 2011 ተከፈተ። በ2012 የካንሰር ሕክምና ማዕከል ተጨመረበት። ዛሬ በዚያው በቡታሮ የሕክምና ዩኒቨርሲቲም አለ። ዶክተር ፋርመር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2022 ያረፉትም እዚያው ቡታሮ ነው።

«ይሄ በእርዳታ ለሚሠራ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ፣ ሀብታም አገር እንሂድ። በአሜሪካ ኦሃዮ ያለው የአክረን የሕፃናት ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተውን ሕንፃ ከማሠራቱ በፊት አንድ መጋዘን ውስጥ ክፍሎቹን በካርቶን፣ በእውነተኛ ልካቸው ሠራቸው። ነርሶች፣ ሐኪሞችና ወላጆች ገብተው ሞከሩት፤ አልጋ እየገፉ «እዚህ ጋ አይዞርም»፣ «ይሄ በር እዚያ ይሁን» አሉ። ካርቶን በቢላ ይቆረጣል። ኮንክሪት ከደረቀ በኋላ ግን ግድግዳ ማፍረስ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ቤት ያሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

«ጊዜ ይፈጃል» የሚለውን ክርክር የማልቀበለው ለዚህ ነው። መጠየቅ ሳምንታት ይፈጅ ይሆናል። ያልተጠየቀበት ሕንፃ ግን ሃምሳ ዓመት ያስቸግራል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ ደግሞ የሩዋንዳንም የአሜሪካንም ፕላን መገልበጥ አያዋጣንም። ለምሳሌ አስታማሚን አስቡ። እኛ ጋ ታማሚ ብቻውን ሆስፒታል አይገባም። እናት፣ ወንድም፣ ጎረቤት ምሳ ዕቃና ፔርሙዝ ይዘው ይከተላሉ። ሌሊት ጋቢያቸውን ደርበው ወለል ላይ፣ አልጋው ሥር ያድራሉ። ታዲያ አስታማሚ የሚያርፍበት፣ የሚታጠብበት፣ ምግብ የሚያሞቅበት ቦታ ስንት ሆስፒታል ውስጥ አይታችኋል? ፕላኑን የሳለው ባለሙያ ክፉ ስለሆነ አይደለም የተረሳው። አስታማሚ ስብሰባው ላይ ወንበር ስላልነበረው ነው።

ጽዳት ሠራተኛዋ ውኃ ተሸክማ ስንት ፎቅ እንደምትወጣ ታውቃለች። የካርድ ክፍል ሠራተኛው ሰልፉ የት ጋ እንደሚታነቅ ያውቃል። የሌሊት ተረኛዋ ነርስ ከተቀመጠችበት የትኛው አልጋ እንደማይታያት ታውቃለች። ይህን ሁሉ እነሱ በነፃ ይነግሩናል፤ የሚጠይቃቸው ካለ።

ከናንተ መካከል ኮንስትራክሽን ወይም አርክቴክቸር የምትማሩ አላችሁ። የሆስፒታል ፕሮጀክት ከተሰጣችሁ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ሌሊት ተፈቅዶላችሁ ዋርድ ውስጥ እደሩ። ጤና የምትማሩ ደግሞ መሥሪያ ቤታችሁ ሊታደስ ወይም ሊስፋፋ ነው ሲባል ፕላኑን «እስቲ እንየው» በሉ። በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ሊሠራ ነው የሚል ወሬ ከሰማችሁም ጊዜው አሁን ነው፤ ጉድጓዱ ሳይቆፈር ሂዱና የመጠበቂያው ቦታ አየር እንዴት እንደሚያገኝ፣ አስታማሚ የት እንደሚያድር ጠይቁ።