የሜልበርን ማንኪያና የአሜሪካ ማንኪያ

በሜልበርኑ ፉትስክሬይ ሰፈር ካሉት የሐበሻ ሱቆች በርበሬ የሚሸምት ሰው የሚያወራው በኪሎና በግራም ነው፤ አገር ቤትም የለመደው ይህንኑ ነው። ነገሩ የሚወሳሰበው ከአሜሪካ ስልክ ሲመጣ ነው። ሜሪላንድ ያለች እህት «የልጁ ትኩሳት 102 ገባ» ስትል፣ ውሃ በ100 እንደሚፈላ የሚያውቅ ወንድም ይደነግጣል። ፋራናይቱን ወደ ሴልሺየስ የመቀየሪያው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከ102 ላይ 32 ይቀነሳል፤ የቀረው 70 ሲገመስ 35 ይሆናል፤ የዚያ አንድ አስረኛ ሲጨመርበት 38.5 ይመጣል። ትክክለኛው 38.9 ነው። ለማረጋጋት ይበቃል፣ ለሐኪም ግን አይበቃም።

አውስትራሊያም ራሷ በፓውንድና በማይል ኖራለች። የሜትሪክ ሕጓን ያወጣችው በ1970 እ.ኤ.አ. ነው። በ1972 የአየር ትንበያው ወደ ሴልሺየስ ዞረ፤ በጁላይ 1974 የመንገድ ምልክቶቹ ወደ ኪሎ ሜትር ተቀየሩ። የሜልበርን ዋንጫ የፈረስ ውድድር ሁለት ማይል የነበረው፣ ከ1972 ጀምሮ 3,200 ሜትር ሆነ፤ ፈረሶቹ 19 ሜትር ያህል ተማረላቸው። ሕግ ያልደረሰበትም ቀርቷል። የመሬት ቀያሹ ሮበርት ሆድል በ1837 የመሃል ከተማውን ዋና ዋና መንገዶች 99 ጫማ ስፋት ሰጥቷቸው ስለነበር፣ ኮሊንስና በርክ ጎዳናዎች ዛሬም 30 ሜትር ከጥቂት ሳንቲ ሜትር ናቸው። የመኪና ጎማም የሚነፋው በፒ.ኤስ.አይ.፣ ማለትም በፓውንድ በካሬ ኢንች ነው።

ፓውንድና ፋራናይት እንግዳ ስለሆኑ ቢያንስ ሰው ቆም ብሎ ያሰላቸዋል። የሚያታልለው በሁለቱም አገር አንድ ስም ያለው መለኪያ ነው፤ ዋናው የሾርባ ማንኪያ። የአሜሪካው 15 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ማለትም ሦስት የሻይ ማንኪያ ይይዛል። የአውስትራሊያው 20 ነው፤ አራት የሻይ ማንኪያ። እህት የላከችው የዳቦ አሠራር «ሦስት የሾርባ ማንኪያ እርሾ» ካለ፣ ሜልበርን ላይ በተገዛ መለኪያ የሰፈረ ሰው አንድ የአሜሪካ ማንኪያ ሙሉ አትርፎ ጨምሯል ማለት ነው። ሊጡ ሳይታሰብ ከጎድጓዳ ሳህኑ አፍ ያልፋል።

ኩባያውም ይለያያል፤ እዚያ 237፣ እዚህ 250 ሚሊ ሊትር ነው። ይህ ግን ብዙም አያስጨንቅም፤ ዱቄቱም ውሃውም በአንድ ኩባያ ከተሰፈሩ አብረው ያድጋሉና። እንቁላል ብቻ አያድግም። ኩባያው በአምስት ከመቶ ሲጨምር ማንኪያው ግን በሲሶ ይጨምራል፤ ስለዚህ ጨውና እርሾ ናቸው የሚበላሹት። መፍትሔው የሾርባ ማንኪያውን ትቶ በሻይ ማንኪያ መስፈር ነው፤ እሱ በሁለቱም አገር 5 ሚሊ ሊትር ነው። ምድጃውን ደግሞ እህት 350 ካለች በ180 ማቀጣጠል ይበቃል።

ሻንጣ ላይ ነገሩ ተስተካክሏል። ብዙ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት፣ ከየት እንደመጣ ግራ የሚያጋባው 23 ኪሎ፣ 50 ፓውንድ ነው፤ በትክክል 22.7።

የነዳጁ ሌላ ነው። ዳላስ ያለ የአክስት ልጅ «መኪናዬ በጋሎን 30 ማይል ትሄዳለች» ካለ፣ 235ን ለ30 ማካፈል ነው፦ በመቶ ኪሎ ሜትር 7.8 ሊትር ትጠጣለች። ዕድሜያቸው የገፋ አውስትራሊያዊ ጎረቤት ስለ ድሮው ሆልደን መኪናቸው ያንኑ 30 ቢሉ ግን ስሌቱ አይሠራም። የእርሳቸው ጋሎን የእንግሊዝ ነው፣ 4.5 ሊትር፤ የአሜሪካው 3.8 ነው። ለእርሳቸው የሚካፈለው 282 ነው፤ ሆልደኑ 9.4 ሊትር ይጠጣ ነበር።