ከጆሮ ሥር ስለሚወጣ የማያም እብጠት

በ2011 ዓ.ም. የተመረቀው የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጨርቅና ልብስ የሚሠራበት ሥፍራ ነው፤ በልብስ ስፌቱም ሥራ የሚበዙት ሴቶች ናቸው። አገሩ ሞቃት ነው፥ ነፋሱም አቧራ ያነሣል። ስለዚህ አንዲት ሠራተኛ አፌ ደረቀ፥ ዓይኔም አሸዋ የገባበት ያህል ቈረቈረኝ ብትል፥ ሰው ሁሉ ምክንያቱን ለሙቀቱና ለአቧራው ይሰጠዋል። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ነገር ግን ሌሊት ለውሃ የሚያስነሣ፥ ዳቦን ያለ ውሃ የማያስውጥ፥ ከሦስት ወርም የሚያልፍ ድርቀት ከአየሩ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም።

ይህን የመሰለውን ደዌ ሄንሪክ ሾግረን የተባለ የስዊድን የዓይን ሐኪም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. በሰፊው ስለ ጻፈበት በሽታው በስሙ ይጠራል። ሰውነትን ከተሐዋስያን ሊጠብቁ የተሰጡን ነጭ የደም ሕዋሳት የራሳችንን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች እንደ ጠላት ይወጋሉ። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ ይልቁንም ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ።

እነዚህ ሕዋሳት በዕጢው ውስጥ ለዓመታት ተሰብስበው ሲኖሩ፥ አልፎ አልፎ አንደኛው ወገን ከልክ አልፎ መራባት ይጀምራል። ይህ ነው ማልት ሊምፎማ የሚባለው ካንሰር። ፒተር አይዛክሰንና ዴኒስ ራይት የተባሉ ሐኪሞች በ1983 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር) ጠባዩን ለይተው ገለጹት። የሾግረን ሕመም ካላቸው ከ100 ሰዎች ሊምፎማ የሚይዛቸው 5 ያህሉ ናቸው፤ ስለዚህ አፉ የደረቀ ሁሉ ይደንግጥ አንልም።

ምልክቱ ከጆሮ ሥር ወይም ከጆሮ ፊት የሚወጣ፥ በወራትና በዓመታት ቀስ ብሎ የሚያድግ እብጠት ነው። ችግሩም አለማመሙ ነው። ጆሮ ደግፍ በድንገት ያብጣል፥ ያተኵሳል፥ በጥቂት ቀንም ይጠፋል። በአገራችን የአንገት ዕጢ ነቀርሳ የተለመደ ስለ ሆነ ያበጠ ሁሉ ነቀርሳ ይመስላል። መጠርጠሩ መልካም ነው፤ ሳይመረመሩ የነቀርሳ መድኃኒት ለወራት መዋጥ ግን ጊዜ ማጥፋት ነው። ኤች አይ ቪም ይህንኑ ዕጢ ያሳብጣል። ዳኛው ማይክሮስኮፕ ነው፤ ሐኪሙ በቀጭን መርፌ፥ ይህም ካልበቃ ትንሽ ቍራጭ ወስዶ ያስመረምራል። ሠራተኛ የሚያዝ ሹም እንግዲህ ፈቃድ ስትጠይቀው፥ አላመማትምና ደህና ናት ብሎ እንዳይመልሳት እንለምነዋለን።

በጋለ ብረት ማስተኰስና በምላጭ ማስበጣት ፈጽሞ የማይገባ ነው። ፊትን የሚያንቀሳቅሰው ጅማት በዚህ ዕጢ መካከል ያልፋል፤ ቢቈረጥ ዓይን አይከደንም፥ አፍም ይጣመማል። አዋቂዎቹ ሐኪሞች እንኳ ዕጢውን ለማውጣት የማይቸኵሉት ስለዚህ ነው።

ካንሰር የሚለው ስም የሚያስፈራውን ያህል ይህኛው አይቸኵልም፤ ከሕሙማኑ የሚበዙት ከ10 ዓመት በላይ ይኖራሉ። እብጠቱ በአንድ ሥፍራ ብቻ ሆኖ ካላስቸገረ፥ ሐኪሙ በየጥቂት ወሩ እያየ ያለ መድኃኒት ሊጠብቅ ይችላል። ይህን ቸልተኝነት ነው ብለው የሚያዝኑ ቤተ ዘመዶች ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን የታሰበበት ሕክምና ነው። ቢያስፈልግ ጨረር ይሰጣል፤ የተለመደው ልክ 24 ግሬይ ሲሆን በ12 ቀን ይከፈላል፤ ጨረር ግን የቀረችውን ምራቅ ስለሚያደርቅ በሁለት ቀን 4 ግሬይ ብቻ የሚሰጥበትም ጊዜ አለ። በሽታው ከተሠራጨ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት በደም ሥር ይገባል፤ ዋጋው ውድ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ሲ ከተገኘም ቫይረሱን በማጥፋት ብቻ ሊምፎማው የሚቀንስበት ጊዜ አለ። አንዳንዱ ወደ ፈጣን ዓይነት ስለሚለወጥ ክትትሉ አይቋረጥም።

ከአዳማ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ አበባ የጥቍር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የሚገኝበት ብቸኛ ሥፍራ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሌሎች ከተሞችም መሣሪያ ተተክሏል።

ስለ ጥርስም አንድ ነገር እንጨምር። በስምጥ ሸለቆ፥ በወንጂም አካባቢ፥ በጕድጓድ ውሃ ውስጥ ያለው ፍሎራይድ የብዙ ሰው ጥርስ አጥቍሯል። ምራቅ የጐደለው ሰው ጥርስ ግን ከድዱ አጠገብ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ነገሩን አስቀድሞ የሚያየው አንዳንድ ጊዜ የጥርስ ሐኪሙ ነው።